ዕድሜውን የዋሸው ምስክር

ለአከራዬ ለጋሽ ሞሲሳ ሰሚት ሰፈር ውስጥ ባንክ የለም፤ ፋርማሲም ሱፐርማርኬትም የለም። ያለው የባቄላ ማሳ፣ የጓያ ማሳና አውድማ ነው። ቤቱን በተከራየሁ ሰሞን መድኃኒት ቤት የት እንደማገኝ ብጠይቃቸው፣ «ዋንዛው ጋ ታጥፈሽ፣ ስንዴውን አቋርጠሽ፣ ጓያው ላይ ስትደርሺ በስተቀኝ» አሉኝ። ዋንዛው ከተቆረጠ ቆይቷል። ስንዴው ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ ጓያው ላይ ደግሞ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል። የሚገርመው፣ መድኃኒት ቤቱን በትክክል አገኘሁት።

እኔ ተናኜ እባላለሁ። ቦሌ ኤርፖርት አጠገብ ያለ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ፤ የምኖረው ጋሽ ሞሲሳ ግቢ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች በአንዱ ነው። ከተማው ወደ ምሥራቅ እየተስፋፋ ሲመጣ የጋሽ ሞሲሳ መሬት ለልማት ተነሣ፤ ካሳና ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። በካሳው ቤት ሠሩ፣ ሰርቪስ ሠሩ፣ ለሚስታቸው ለአዴ ደሪቱ ፍሪጅ ገዙ። ለራሳቸው የገዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በስሕተት።

ቦሌ መንገድ ላይ ካለ አንድ ሱቅ ቴሌቪዥን ሊገዙ ገብተው ኮምፒውተር ገዝተው ወጡ። ነጭ፣ ሰፊ፣ ሆዱና ስክሪኑ አንድ ላይ የሆነ፣ በዚያን ጊዜ አገር የሚያወራለት ዓይነት ነበር አሉ። ሻጯ «ሁሉን ነገር ያሳያል» ብላቸዋለች። ቤት ወስደው ዜና እስኪጀምር ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ ዜና የለም። መመለስ ሞት መሰላቸው። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ዜና አልወድም» እያሉ ብዙ ጊዜ ከረሙ።

ያዳነቻቸው የመጨረሻ ልጃቸው ቢሊሴ ናት። ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፤ ፈጣንና ተጫዋች ልጅ። አንድ ቀን ምድርን ከሰማይ የሚያሳይ ፕሮግራም ጫነችላቸው። ፕሮግራሙ ላይ ወደ ኋላ የሚሳብ ነገር አለ፤ ሲስቡት ዓመታቱ ይመለሳሉ። ቢሊሴ ሳበችው። አስፋልቱ ጠፋ፣ ኮንዶሚኒየሙ ጠፋ፣ ግሬደሩ የላጨው ቀይ አፈር ጠፋ፤ ከዚያ የጋሽ ሞሲሳ እርሻ ብቅ አለች። ዋንዛዋ፣ አውድማዋ፣ ትልሟ ሳይቀር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋሽ ሞሲሳ እንደገና ገበሬ ሆኑ።

ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጡና ማውሱን እንደ ዕርፍ ጨብጠው ማሳቸውን ይዞራሉ። «ከላይ በኩል አረም በዝቷል» ይላሉ። በማግስቱ ደግሞ «ውኃው ወደ ታች እየገፋው ነው» ይላሉ። ሥዕሉ ያው አንድ ሥዕል ነው፤ ለዘላለም አይለወጥም። እሳቸው ግን የሚያሳስባቸው አዲስ ነገር አጥተው አያውቁም። አዴ ደሪቱ ከማድ ቤት ሆነው «እንግዲያ ሂድና አርመዋ!» ይሏቸዋል።

ጉዱ የጀመረው ጋሽ ቶሌራ ይህን ተአምር ሊያዩ የመጡ ዕለት ነው። ጋሽ ቶሌራ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ ማሳቸውም አዋሳኝ ነበር፣ ምትክ ቦታቸውም ከኛ ግቢ ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ የራሳቸውን እርሻ አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉና፣ «ሞሲሳ፣ ወሰናችን ምነው ጎበጠ?» አሉ።

«የት?»

«እዚህ ጋ። ሁለት ትልም ገፍተኸኛል!»

ልብ በሉ፤ ሁለቱም መሬት የላቸውም። ሁለቱ ትልሞች ያሉበት ቦታ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሞ፣ ሰው ገብቶበት፣ ልጅ ተወልዶበት፣ ክርስትና ተነሥቶበታል። ግን ገበሬን ሌባ በለው፣ ሰካራም በለው፤ ወሰን ገፊ ካልከው አልቆልሃል። ጋሽ ሞሲሳ «ውሸታም!» አሉ። ጋሽ ቶሌራ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ነገሩ በሽማግሌ ተረት ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ስቀን በተውነው። ግን የጋሽ ቶሌራ ልጅ ጉዲሳና ቢሊሴ ከፋሲካ በኋላ ሊጋቡ ተማክረው ጨርሰዋል። ጋሽ ቶሌራ «ከወሰን ገፊ ቤት ሙሽራ አላመጣም» አሉ። ጋሽ ሞሲሳም «በሐሰት ለሚከስ ልጄን አልሰጥም» አሉ። ቢሊሴ ማታ እኔ ቤት መጥታ «ተናኜ፣ በማላውቀው ስንዴ ምክንያት ቆሜ ልቀር ነው» ብላ አለቀሰች። ሳቄም መጣ፣ አዘንኩላትም።

እንግዲህ ሽማግሌ ተሰየመ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጥንቱ መንደር አዛውንቶች ጋሽ ሞሲሳ ሳሎን ይሰበሰባሉ። ሰብሳቢው ጋሽ አስፋው ናቸው፤ ፍርድ ቤት ውስጥ በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ «ሥነ ሥርዓት!» ማለት የሚወዱ ሰው። ነገር ከመጀመሩ በፊት በወጉ መሠረት ሁለቱን ባላጋራዎች በምስክር አስማሟቸው። «ይህ ኮምፒውተር ቢመሰክርባችሁ ተቀብላችሁ ትረታላችሁ ወይ?» «እረታለሁ» አሉ ጋሽ ቶሌራ። «እረታለሁ» አሉ ጋሽ ሞሲሳ። እጅ ለእጅ ተመታቱ። ከዚህ በኋላ ምስክሩን መለወጥ ነውር ነው።

ችግሩ ምስክሩ በደንብ አያይም። ወሰኑ ላይ ሲደርስ ሥዕሉ ይደበዝዛል። አንዱ ሽማግሌ «ጎብጧል» ይላል፤ ሌላው «ጥላ ነው» ይላል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ለሚቀጥለው እሑድ ይቀጠራል። እንዲህ እያለ ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ። ከዚያ አንድ እሑድ ፕሮግራሙ አልከፈት አለ።

ቢሊሴ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አነበበችና አስረዳች። ፕሮግራሙ አርጅቷል፤ አዲሱ መጫን አለበት። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ አዲስ ሲስተም፣ ማለት ኮምፒውተሩን ከውስጥ የሚያስተዳድረውን ነገር ይፈልጋል። አዲሱ ሲስተም በበኩሉ ይህን ኮምፒውተር ስላረጀ አልቀበልም ብሏል።

«ማን ነው አርጅቷል ያለው?» አሉ ጋሽ ሞሲሳ።

«ፋብሪካው ነው አባዬ።»

«መጥቶ አይቶታል?»

«አላየውም። በዓመተ ምሕረቱ ነው።»

«ሳያየው!» አሉ። «የኔንም መሬት በወረቀት ላይ አይተው ነው ተነሣ ያሉኝ» አሉ። ያን ዕለት የሳቀ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ወደ ሃያ ሁለት ሰፈር ይዣቸው ሄድኩ። ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልለው ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ወያላው «ይሄም ሰው ነው እንዴ?» ብሎ የሱንም ሒሳብ ተቀበለ። አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ላጲሶ የሚባል የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ አለ፤ የድርጅታችንን ማሽኖች የሚያክመው እሱ ነው። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየና ከልቡ አዘነ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይቀበልም። ገና ሲጀምር ሞዴሉን ጠይቆ ነው የሚዘጋው። አዲስ ይግዙ ባይሆን።»

«ምስክር ይገዛል እንዴ?» አሉ ጋሽ ሞሲሳ ጮክ ብለው።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ላጲሶ ወደኔ ጠጋ ብሎ «የክስ ጉዳይ አለባችሁ?» አለኝ። ነገሩን ላስረዳው ሞከርኩ። ወሰኑን፣ ኮንዶሚኒየሙን፣ ሠርጉን። በመጨረሻ «እሺ፣ ዳኛው ማን ነው?» ሲለኝ ተስፋ ቆርጬ ጋቢውን መልሼ ጠቀለልኩ።

እንደኔ ቢሆን የጉዲሳ ላፕቶፕ ነበረ። አዲስ ነው፤ ፕሮግራሙን ያለ ችግር ይከፍታል። ሐሳቡን ባቀርብ ሁለቱም አባቶች ከጠባቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ በኔ ላይ። ጋሽ ቶሌራ «የልጄ ማሽን ለኔ አደላ ይባላል» አሉ። ጋሽ ሞሲሳ «የሱ ማሽን እርሻዬን የት ያውቀዋል?» አሉ። ጋሽ አስፋውም «በምስክር የተስማማ በምስክሩ ይጸናል፣ ሥነ ሥርዓት!» ብለው ዘጉት።

ስለዚህ ሥራው በጉዲሳ ላይ ወደቀ። ጉዲሳ ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ የአይቲ ሠራተኛ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ዝምተኛ ልጅ። አዲሱን ሲስተም በሆቴሉ ኢንተርኔት ቀስ በቀስ አወረደው፤ እንግዶቹ «ዋይፋይ የለም ወይ?» እያሉ ሲያማርሩ እሱ «እያየነው ነው» ይላል። በፍላሽ ይዞ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ለብቻው እንዳይነካው ከለከሉ። ከጋሽ ሞሲሳ ወገን አዴ ደሪቱ፣ ከጋሽ ቶሌራ ወገን የጉዲሳ አክስት፣ ከገለልተኛ ወገን ደግሞ እኔ ታዛቢ ሆነን ተመደብን። የምርጫ ሣጥን የምንጠብቅ እንመስል ነበር።

ጉዲሳ እየሠራ አስረዳን። ሲስተሙ ሲጫን «ማን ነህ? መቼ ተሠራህ?» ብሎ ይጠይቃል። ውጭ አገር ያሉ ጎበዞች ታዲያ መሐል ገብቶ በኮምፒውተሩ ፈንታ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ሠርተዋል። «እኔ አዲስ ነኝ፣ የተሠራሁት ቅርብ ጊዜ ነው» ይልለታል። ሲስተሙም አምኖ ይገባል።

«ይዋሽለታል ማለት ነው?» አሉ አዴ ደሪቱ።

«ትንሽ» አለ ጉዲሳ።

መጀመሪያ ሲሞክረው ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። ሁለተኛ ሲሞክር የክልክል ምልክት ብቻ ወጣ። እረፍት ሲያደርግ ቢሊሴ ማድ ቤት ጠራችው፤ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበርና ሰማሁ።

«ጉዲ፣ አልሠራ ቢል ምን አለበት?»

«ካልሠራ ዕድሜ ልካቸውን ይከራከራሉ፤ እኛም እንቀራለን።»

«ከሠራስ?»

«ከሠራ ካንዳችን አባት ጋር ሌላው ሰው ሁሉ ይጣላል።»

«የማን አባት?»

ጉዲሳ ተመልሶ ሄደና ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አለ። ሆነ ብሎ ሊያበላሸው ይችል ነበር፤ ከሦስታችን ታዛቢዎች ማንም አያውቅበትም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ እንዲያበላሸው ተመኝቻለሁ። እሱ ግን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ መልሶ ጭኖ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩ አዲሱን ሲስተም ተሸክሞ ተነሣ። ድምፁ ጠፍቷል። ውስጡ ያለው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ቀለሙም ተዛብቶ ነገሩ ሁሉ ሐምራዊ ሆኗል። ጋሽ ሞሲሳ መስኮቱን ከፈቱለትና «ያረጀ በሬ ነው፣ ይተንፍስ» አሉ።

እሑድ ሳሎኑ ሞላ። ገና ከመከፈቱ ጋሽ ቶሌራ እጃቸውን አወጡ።

«ተቃውሞ አለኝ። ይህ ምስክር ዕድሜውን ዋሽቷል። የዋሸ ምስክር ቃሉ አይታመንም።»

ሳሎኑ ተንጫጫ። እኔ በበኩሌ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ጋሽ አስፋው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «እዚህ መካከል ዕድሜውን ያልዋሸ እጁን ያውጣ» አሉ። ማንም አላወጣም። «አንተ ቶሌራ፣ ጥበቃ ስትቀጠር ስንት ዓመት ቀነስክ? እኔስ ጡረታዬ እንዲዘገይ ምን አደረግኩ? እንጀራ ለመብላት ዕድሜውን የቀነሰ ሰው ስለ ወሰን አይመሰክርም እንዴ? ተቃውሞው ውድቅ ነው!»

«ቀለሙስ?» አሉ ጋሽ ቶሌራ። «እኔ ሐምራዊ ስንዴ ዘርቼ አላውቅም።»

«ዓይኑን ታሟል። ወሰን ግን ያያል። ቀጥል ጉዲሳ።»

ጉዲሳ አዲሱን ፕሮግራም ከፈተ። ዓመታቱን ወደ ኋላ ሳበ። አዲሱ ሥዕል እጅግ ጥርት ያለ ነበር፤ ሐምራዊ ቢሆንም ትልም በትልም ይቆጠራል። አንዱ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ያቺ ጎተራዬ ናት!» አሉ። ሌላው «ምንጯን አሳየኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች» አሉ። አንዷ ነጥብ አህያ ናት አይደለችም በሚል ክርክር ተነሣ፤ የማን አህያ እንደነበረች ግን ሁሉም ያውቃል። ቤቱ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ የራሱን ደጅ አይቶ ተመለሰ። ክሱ ተረሳ። ጋሽ አስፋው ራሳቸው አባታቸው የተከሏትን ግራር ፍለጋ ብዙ ቆዩ፤ ሲያገኟት ሥነ ሥርዓት ማለት ረሱ።

በመጨረሻ ጉዲሳ ወደ ወሰኑ ወሰደው። ወሰኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ወደ ጋሽ ቶሌራ ማሳ ታጠፈ። ሁለት ትልም። ልጅ እንኳ ያየዋል። ጉዲሳ እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ። ቢሊሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ሞሲሳ፤ ዓይናቸው ከስክሪኑ ሳይነቀል። «ገፍቻለሁ።»

ጋሽ ቶሌራ ይህን ቀን ስንት ጊዜ ሲጠብቁ ኖረው፣ ሲመጣ ግራ ተጋቡ። «ታውቅ ነበር?»

«ዕርፉን የያዝኩት እኔ፤ እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን ካድከኝ?»

«መጀመሪያ አፍሬ ነው። ኋላ ግን . . . ባምን ኖሮ ይሄ ሁሉ ሰው እሑድ እሑድ ይመጣልኝ ነበር? እርሻዬን ብቻዬን ማየት ሰልችቶኝ ነበር ቶሌራ። ምስክሩ ሲታመም ደግሞ እርሻዬን ከማጣት መረታት ይሻለኛል አልኩ።»

እኔ በጋሽ ሞሲሳ መናደድ አማረኝ፤ ልጃቸውን ስንት ወር ያስለቀሱ ሰው ናቸው። ግን አልሆነልኝም፤ አንጀቴን በሉት።

ጋሽ አስፋው ከወንበራቸው ተነሥተው ፈረዱ። የተገፋ መሬት በገንዘብ አይካስም፤ መሬት በመሬት ነው የሚመለሰው። ሞሲሳ ሁለቱን ትልም ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ዛሬውኑ ያስረክብ። «ቦታው እኮ ኮንዶሚኒየም ነው» ብል «የፍርድ አፈጻጸም ሌላ ጉዳይ ነው» አሉኝ።

ወጣን። ከፊት ጉዲሳ ስልኩ ላይ ያለውን ካርታ እያየ፣ ከኋላው ከዘራና ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ከነሱ ኋላ እኛ። የኮንዶሚኒየሙ ዘበኛ በሩ ላይ አገደን። «የማን እንግዶች ናችሁ?» ሲለን ጋሽ አስፋው «ባለ መሬቶች ነን» አሉት፤ ምን እንደሚመልስ ጨንቆት አብሮን ገባ። ጉዲሳ «እዚህ ይጀምራል» አለ። ሁለቱ ትልሞች ከአንዲት ቪትዝ መኪና ሥር ተነሥተው፣ የልብስ ማስጫውን አቋርጠው፣ ምድር ቤት የምትኖር አንዲት ሴት ደረጃ ላይ አለቁ።

መሬት ሲመለስ አፈር ከቦታው ተነሥቶ እጅ በእጅ ይሰጣል። ግቢው ግን ኮብልስቶን ነው፤ አንዲት ጭብጥ አፈር የለም። ጋሽ ሞሲሳ አጎንብሰው ድንጋይ ሊፈነቅሉ ሲሞክሩ ዘበኛው ጮኸ። በጩኸቱ ሴትዮዋ ወጣች። ሐሚዳ ትባላለች። በሯ ላይ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጤና አዳም ተክላለች። ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሁሉ ደጇን እየጠቆመ፣ አንድ ልጅ ደግሞ በስልኩ ሲለካ አየችና ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ምንድን ነው? ሊያስነሡን ነው?» አለች።

ጋሽ ሞሲሳ ቀና አሉ፤ እንደዚያ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደሷ ቀረቡ።

«የለም ልጄ፣ የለም። ማንም አያስነሣሽም። ትንሽ አፈር ልለምንሽ ነው።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ጀሪካኑን አንሥታ አቀረበችላቸው። ጋሽ ሞሲሳ ሥሩን እንዳይነኩ ተጠንቅቀው አንድ ጭብጥ ዘገኑ፤ ወደ ጋሽ ቶሌራ ዞሩና በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

«ቶሌራ፣ ሁለት ትልምህን ተረከብ።»

ጋሽ ቶሌራ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አፈሩን አዩት፤ አሸተቱት። «አሁን መሬቴ ሞላ» አሉ።

ምንም ያልገባው ዘበኛ ቆቡን አወለቀ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ጋሽ ቶሌራ አፈሩን መሐረባቸው ውስጥ ቋጥረው ኪሳቸው ከተቱና በግርምት ወደ ቆሙት ሽማግሌዎች ዞሩ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ቆማችኋል፤ ሳትበተኑ ልጅቷን ለልጄ ጠይቁልኝ እንጂ!»

ጋሽ አስፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጠየቁ። ወጉ ይታወቃል፤ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ጋሽ ሞሲሳ ቢሊሴን አዩ፣ ጉዲሳን አዩ። «ሰጥቻለሁ፤ ቁጭ በሉ» አሉ። ሽማግሌዎቹም ወንበር ስላልነበረ ሐሚዳ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ጋሽ ቶሌራ መሬት ላይ፣ ተቀመጡ።